የጥቁር መኪና ድር

ሥራህ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ «ድር ጠራጊ ነበርኩ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ቤት ለቤት እየዞርኩ ጣሪያ ሳጸዳ የኖርኩ ይመስለውና ከንፈሩን ይመጥልኛል። ወዲያው አላርመውም፤ ሥራ ያቆመ ሰው የሚስቅበት ነገር ያስፈልገዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና በማሽን ፖሊሽ ተደርጎ ጥላ ሥር ሲቆም መስታወት ይመስላል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን የፀሐይዋን ነጸብራቅ ከበው ክብ ክብ የሠሩ ቀጫጭን ጭረቶች ብቅ ይላሉ፤ ጠዋት አጥር ላይ የሚታየውን የሸረሪት ድር የመሰሉ። የሚያመጣቸው ራሱ ማሽኑ ነው። ትልቁን ጭረት ሲያጠፋ በምትኩ እልፍ ትንንሽ ጭረት ትቶ ይሄዳል። እኛ ሰፈር «ድር» ነው የምንለው። እኔ አሰፋ፣ ከጉርምስናዬ እስክሸብት ድረስ ይህንን ድር ሳጠፋ ኖሬያለሁ። ሥራ ያስተወኝም ድር ነው፤ የትኛው ድር እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የጀመርኩት ግን ከተቃራኒው ወገን ነው። ኮልፌ ገበያው አካባቢ አንድ ላቫጆ ውስጥ መኪና አጣቢ ነበርኩ። አለቃችን «ቶሎ በል» ከሚለው ውጪ ሌላ ንግግር ያለው አይመስልም። ጎማ ያሸንበትን ስፖንጅ ሳናለቀልቅ ኮፈን ላይ እናስኬደዋለን፤ የደረቀውን ጭቃ ሳናርስ በጨርቅ እንፈትገዋለን። ባለመኪናው መኪናዬ ጠራች ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያጠፋሁት ድር አብዛኛው ያኔ ራሴ የሠራሁት ሳይሆን አይቀርም።

ከላቫጆው ወጥቼ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደነበረ ትልቅ ጋራዥ ገባሁ። ደሞዙ በጊዜው ይከፈል ነበር፣ እሱን አልክድም። ፖሊሽ ማሽን በእጄ የያዝኩትም እዚያ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ድርን ከማጥፋት መደበቅ ይቀናው ነበር። ጭረቱ ውስጥ ገብቶ የሚሞላ ቅባት አለ፤ እሱን ከቀባህበት ድሩ ወዲያው ይሰወራል፣ መኪናው ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይወስዳል። ክረምት ሲገባና ዝናብ ሲደጋግመው ቅባቱ ታጥቦ ያልቅና ድሩ እንደነበረ ይመለሳል። ባለመኪናውም ይመለሳል። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የት አሳጥበውት ነው እንዲህ ያደረጉብዎ?» ይላል። አንድ ቀን ይህንን ሲል ከኋላው ቆሜ ሳቄ አመለጠኝ። ብዙም ሳልቆይ ሌላ ሥራ ፈላጊ ሆንኩ።

ያ ሳቅ ጋሽ ወልዴ ጋ አደረሰኝ።

ጋሽ ወልዴ ኮልፌ ውስጥ የሰፈሩ ጉሊት ፊት ለፊት የቆርቆሮ ዳስ ነበራቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲናደዱ በጉራጊኛ የሚያጉረመርሙ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሳገኛቸው ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው ስለነበር ጤንነታቸውን ተጠራጥሬ ነበር። ለካስ የሸሚዛቸው ቁልፍ ቀለም እንዳይጭር ነው። ቀበቶም አያስሩም፤ ሱሪያቸውን በገመድ ነው የሚይዙት። የጋብቻ ቀለበታቸውን ጠዋት አውልቀው ባዶ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይጥሏታል። ቀለበቷ ኪል ካለች ሥራ ተጀመረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራ ሰው ወዮለት።

ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መሬቱን ውሃ ይረጫሉ። የኮልፌን አቧራ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። መሬት የነካ ጨርቅ ታጥቦም ቢሆን ቀለም አይነካም፤ ለጎማ ነው የሚሆነው። መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ ጣታቸውን ፌስታል ውስጥ ከተው ኮፈኑን በስሱ ይዳስሳሉ። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለ ቀለም በፌስታል ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ያ አሸዋ ሳይወጣ ማሽን ማስነሳት ድር መዝራት ነው።

ያኔ ስፖንጅ እንደ ልብ አይገኝም። ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ሱፍ ራሳቸው ከበግ ቆዳ ነበር የሚሠሩት። በዓል ባለፈ ማግስት ቆዳ ሰብሳቢዎቹ ጋ ሄደው፣ ሱፉን በጉንጫቸው እየዳበሱ ይመርጣሉ። አንድ ፋሲካ ላይ እኔን ላኩኝ። ነጭ፣ ሰፊ፣ የሚያምር ቆዳ መርጬ እየተኩራራሁ መጣሁ። አጥበን፣ አድርቀን፣ ቆርጠን ገጠምነውና አንድ ሰማያዊ መኪና በር ላይ ስናስኬደው በሩ በመጥረጊያ የተጠረገ መሰለ። የቆላ በግ ኖሯል፤ ጸጉር እንጂ ሱፍ የለውም። ጋሽ ወልዴ በሩን አዩ፣ ቆዳውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ብርድ የማያውቅ በግ ምን ብሎ ሱፍ ያበቅላል?» አሉኝ።

በሩን ለማስተካከል ውለን አደርንበት። ግን ድር እንዴት እንደሚጠፋ በደንብ የገባኝ በዚያ በር ነው። መጀመሪያ ሻካራው ቅባት በሱፍ፤ እሱ ትልቁን ጭረት ይበላል፣ የራሱን ድር ይተዋል። ቀጥሎ መካከለኛው፤ እሱም የፊተኛውን ድር አጥፍቶ የራሱን ቀጭን ይተዋል። መጨረሻ ላይ በጣም የላመው ቅባት፣ ማሽኑ በዝግታ፣ እጅ ሳይጫን፣ አንድ ቦታ ሳይቆም። በየመሀሉ መኪናውን በንጹሕ ጨርቅ ማጽዳት ግዴታ ነው፤ የሻካራው ቅባት ርዝራዥ ከላመው ጋር ከተደባለቀ ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ። ጠርዝ ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፤ እዚያ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ማሽን አይምረውም።

ይህንን ሁሉ ሌላ ጋራዥም ልማር እችል ነበር። የጋሽ ወልዴ ብቻ የሆነው የመጨረሻው ነገር ነው። ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ገፍተን ፀሐይ ላይ እናወጣውና እሳቸው ወደ ጉሊቱ ዞረው ይጣራሉ።

«ዘነበች፣ ድር አለ?»

እትዬ ዘነበች በዳሱ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ሴት ናት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣለች። «ደግሞ ጀመረዎት። እኔ መኪና ምን አውቄ?» ትላለች።

«አለማወቅሽን ነው የምፈልገው። እኔ ስለለፋሁበት አምሮ ነው የሚታየኝ። አንቺ ያለውን ትነግሪኛለሽ።»

እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ መኪናውን ትዞረዋለች። «እዚህ ጋ አለ» ካለች ጋሽ ወልዴ ሳይከራከሩ ማሽኑን ያነሳሉ። «የለም» ካለች ቀለበታቸውን ከብርጭቆው ያወጣሉ። እኔ በዚህ ነገር ውስጥ ውስጡን እስቅ ነበር። ስንት መኪና ያየ ባለሙያ ሽንኩርት ነጋዴ ያስፈርዳል ብዬ።

ጋሽ ወልዴ ሲያርፉ ልጆቻቸው ዳሱን ለእኔ ለቀቁልኝ። ሸሚዜን ገልብጬ መልበሱን ቀጠልኩ፣ መሬት መርጨቱንም ቀጠልኩ። እትዬ ዘነበችን መጥራት ግን ቀስ በቀስ ተውኩ። አንድ ቀን እሷ ደንበኛ በዝቶባት፣ አንድ ቀን እኔ ቸኩዬ፣ እንዲሁ ቀረ። ደግሞ ከዓለም ባንክ ሰፈርም ከአስኮም ስሜን ጠርቶ የሚመጣ ሰው በዝቶ ነበር። የአሰፋን ዓይን የመሰለ ዓይን የለም ይባልልኛል፤ ሰው ደጋግሞ ሲያመሰግንህ ማመን ትጀምራለህ።

በኋላ ወይንሸትን ቀጠርኩ። ሶፋና ቁም ሳጥን ቫርኒሽ ስትቀባ የነበረች፣ ልጆች ያሏት፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ናት። በቡራዩ በኩል የሚመጡትን ደንበኞች በኦሮምኛ ታወራልኛለች። ጴንጤ ስለሆነች ስትሠራ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ እኔ ደግሞ «ማሽኑን በመንፈስ ሳይሆን በእጅሽ ግፊው» እያልኩ አበሽቃታለሁ። «ጋሼ፣ የእርስዎም ማሽን ትንሽ ጸሎት አይጠላም» ትለኛለች።

እንግዲህ ዓይኔ መቼ እንደጀመረው በውል አላውቅም። የማውቀው ሁሉን ሰው መውቀሴን ነው። መጀመሪያ ቅባቱን ወቀስኩ፤ ዘንድሮ የሚመጣው ቅባት ድር አያጠፋም ብዬ ሌላ ገዛሁ። ቀጥሎ ስፖንጁን ወቀስኩ። ቀጥሎ ወይንሸትን፣ ስፖንጁን በደንብ አታጥቢውም እያልኩ። እሷ ደግማ ታጥባለች፤ እኔ ደግሜ ድር አያለሁ። ከዚያ ቀደም ከሰዓት በፊት የሚያልቅ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይዞኝ ይውል ጀመር።

ጥር ላይ ተስፋዬ መጣ። ተስፋዬ ጥቁር መኪናውን ለሙሽራ እያከራየ የሚኖር የዓለም ባንክ ሰፈር ሰው ነው። ያቺ መኪና እንጀራው ናት። የሠርግ ወቅት ሲደርስ እኔ ጋ ሳያመጣት ሙሽራ አያወጣባትም። ጥቁር ቀለም ደግሞ ምንም ነገር አይደብቅልህም፤ በነጭ መኪና ላይ የማይታይ ድር ጥቁር ላይ ከሩቅ ይጮኻል። ተስፋዬ ዓርብ ጠዋት አምጥቷት «ነገ ሠርግ አለብኝ፣ አደራ» ብሎኝ ሄደ።

ኮፈኑን ራሴ ያዝኩት። ሦስቱንም ቅባት ጨርሼ የእጅ መብራቱን ሳበራበት፣ በመብራቱ ነጸብራቅ ዙሪያ ድሩ ተዘርግቶ አየሁት። የላመውን ቅባት ደገምኩ። ድሩ አለ። ወደ መካከለኛው ተመልሼ እንደገና ወረድኩ። አለ።

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ» አለችኝ ወይንሸት።

«ድሩን አታዪም?»

አጎንብሳ አየች። «የለም።»

«ዓይንሽን ታጠቢ» አልኳትና ማሽኑን አስነሳሁ። እሷ ደጋግማ ስትጠራኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ድሩ ያለበትን ቦታ ለይቼ እሱን ብቻ ያዝኩ፤ አንድ ቦታ አትቁም የሚለውን የጋሽ ወልዴን ትእዛዝ ረስቼ ቆምኩበት። ኮፈኑ ግሏል። ድንገት ማሽኑ እጄ ላይ ጸጥ አለ። ቀና ስል ወይንሸት የነቀለችውን ሶኬት እንደያዘች ቆማለች።

«ስፖንጁን ይዩት» አለችኝ።

ነጩ ስፖንጅ ጠቁሯል። የዘመኑ መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል፣ እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን አለው። እኛ የምንሠራው እሱ ላይ ነው፣ ስፖንጁም አይጠቁርም። ስፖንጅ ከጠቆረ ሽፋኑ አልቆ ቀለሙን ራሱን እየበላህ ነው። ይህንን ለወይንሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስፖንጁ ሲጠቁር እያየሁ ነበር፤ ቆሻሻ መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

መኪናውን ገፍተን ስናወጣው ኮፈኑ ላይ፣ ከመሀሉ ወደ ግራ፣ መዳፍ የሚያህል የሞተ፣ ጭል የማይል ቦታ ተቀምጧል። በፖሊሽ የሚመለስ ነገር አይደለም። እኔ ግን አሁንም «ድሩም እኮ አልጠፋም» እያልኩ በጣቴ አሳያት ነበር።

ወይንሸት እጄን ይዛ ወደ ዳሱ አስገባችኝና የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ባዶው ጥግ ሄደች። መብራቱን ወደ እኔ አዙራ ያዘችው።

«በመብራቱ ዙሪያ ምን ይታይዎታል?»

«ድር» አልኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ መኪና የለም።»

እዚያው ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። እነዚያን ወራት ሁሉ ከሰው መኪና ላይ ለማውረድ የታገልኩት ድር ዓይኔ ውስጥ ነበር። ከዓይኔ ሌላ ደግሞ ምንም የለኝም። እጅ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔን ሰው የሚፈልገኝ ማየት ስለምችል ነው። በጣም ፈራሁ።

ተስፋዬ ሲመጣ ሳላድበሰብስ አሳየሁት። ዓይኔንም ነገርኩት። ኮፈኑን በራሴ ወጪ አስቀባለሁ አልኩት፤ ግን ሠርጉ ነገ ነው፣ ቀለም ደግሞ በአንድ ቀን ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ፖሊሽ ተደርጎ አያልቅም። ተስፋዬ ኮፈኑን እያየ ጭንቅላቱን ያዘ። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያዳነችን ወይንሸት ናት። «አበባው የት ነው የሚደረገው?» አለችው።

«መሀል ላይ ነዋ። የሙሽራ መኪና አበባ ሌላ የት ይደረጋል?»

«ወደ ግራ ያድርጉት፤ ሪባኑም ከዚያው ይነሳ።»

«ሙሽራዋ ለምን ጎን ሄደ ብትለኝስ?»

«የዘንድሮ ፋሽን ነው ይበሏት።»

እንዳለችው ሆነ። ሙሽራዋ ፋሽኑን ወደደችው። ጥር ሳያልቅ ኮልፌ ውስጥ አበባቸውን ወደ ግራ ያደረጉ የሙሽራ መኪኖች ማየት ጀመርን፤ ወይንሸት ባየች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ማሽኑን ለእሷ አስረክቤ ቤቴ ገባሁ።

ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው አለችኝ። እኔ የማውቀው ሞራ በግ ሆድ ውስጥ ያለውን ነው። ዓይን ውስጥ ያለው መስታወት ሲደፈርስ የሚገባው ብርሃን ይበተናል፤ ስለዚህ መብራት ስታይ ዙሪያው ክብ ይሠራል ብላ አስረዳችኝ። ይሄ ቶሎ ገባኝ። ቀለምም ላይ ድር የሚታየው ብርሃኑ ጭረቱ ላይ ስለሚበተን ነው።

«ታዲያ ፖሊሽ ይደረጋል?» አልኳት።

ሳቀች። «ፖሊሽ አይደረግም፣ አባባ። አውጥተን በሌላ እንቀይረዋለን።»

ቢሆንም ቶሎ እሺ አላልኩም። አይሳካልኝ ይሆናል፣ ያለችኝንም ብርሃን አጣለሁ ብዬ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ወይንሸት ቤቴ ድረስ እየመጣች ትነዘንዘኛለች። «እኔ እጸልያለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ጸበልዎን ይጠጡ፣ ግን ቀጠሮውን ይያዙ» አለችኝ። በመጨረሻ እጄን ሰጠሁ። ቀኝ ዓይኔ መጀመሪያ ተሠራ፣ ግራው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው። ነጭ እንዲህ ነጭ መሆኑን ረስቼው ነበር። ቀና ብዬ የኮሪደሩን አምፖል አየሁ፤ አምፖል ብቻ ነው፣ ዙሪያው ምንም የለም። ፌርማታው ድረስ በየመንገዱ የቆመውን መኪና እየነካካሁ ሄድኩ፤ ባለቤቶቹ ሌባ ያሉኝ ይመስለኛል።

ዓይኔ ካገገመ በኋላ ወደ ዳሱ ብቅ አልኩ። የተስፋዬ መኪና ቆማለች። የሠርጉ ወቅት ካለፈ በኋላ ኮፈኗ በእኔ ወጪ እንደገና ተቀብቶ ሲያበቃ ወይንሸት ፖሊሹን ጨርሳ፣ ከወዲያ ማዶ በሯን እየወለወለች ነው። ሰማዩ ደመና ነበር።

«እንኳን መጡ» አለችኝ። «እስቲ ይፍረዱኝ፣ ድር አለ?»

አጎነበስኩ። ኮፈኑ ጥቁር ውሃ መስሎ ተኝቷል። የለም ልላት አፌን ስከፍት ደመናው ገለል አለና ፀሐይ ወጣች። በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ ድሩ ብቅ አለ።

ግራ ዓይኔን በእጄ ከደንኩና በታከመችው ብቻ አየሁ። አለ። ራመድ ብዬ ቆምኩ። ድሩም አብሮኝ መጣ።

«እህስ ጋሼ?» አለች ወይንሸት ከማዶ። «የለም አይደል? በመብራት አጣርቼዋለሁ።»

አለ ብላት ያ ዓርብ ተመልሶ ሊመጣ ነው። የለም ብላት ደግሞ ማየቴ ምን ሊረባ። ምን ላድርግ ብዬ ስዞር ጉሊቱ ፊቴ ነው። እትዬ ዘነበች ሽበቷ በሻሿ ሥር እየታየ ሽንኩርቷን ትደረድራለች።

«እትዬ ዘነበች፣ ድር አለ?» ብዬ ተጣራሁ።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ዛሬ ምን ትዝ አልኩህ? እኔ እኮ ጋሽ ወልዴ ሲሞቱ ነገሩ አብሮ የቀረ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ከጎኔ ቆማ፣ እንደ ድሮው አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ኮፈኑን አየችው።

«አለ» አለች። ቀለሙን ሳትነካ በጣቷ ከበበችው። «ይኸው እዚህ ጋ፣ ክብ ክብ የሠራ።»

እኔ ያየሁበት ቦታ ነው። ወይንሸት ዞራ መጥታ በመሀላችን አጎነበሰች፣ ፀሐይዋን አየች፣ ድሩን አየች፣ ፊቷ ቅጭም አለ። «ይሄ ከመብራቱ በኋላ የወለወልኩበት ጨርቅ ሥራ ነው» ብላ አጉረመረመችና ማሽኑን ልታመጣ ወደ ዳሱ ገባች። በዕድሜዬ ሙሉ የሰው ሥራ ስላልጠራ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።